ከሽያጭ ክፍል ወደ ኳስ ሜዳ
ጡረታ የወጣ የሽያጭ ኀላፊ ለወጣቶች ስለሚሰጠው ትምህርት

በየዓመቱ ሰኔ 30 ቀን ሲደርስ የንግድ ቤት ሁሉ ዕቃውን ይቈጥራል። በመጋዘን ያለው፣ በመደርደሪያ የተደረደረው፣ በጉምሩክ የቆመው፣ በደንበኛ እጅ በዱቤ የቀረው ሁሉ በመዝገብ ይሰፍራል፤ ያረጀው ዕቃ ዋጋው ይቀነሳል፤ የጎደለውም ጎደለ ተብሎ ይጻፋል። ይሁን እንጂ በዚህ ሁሉ ቈጠራ መካከል በአንድም ዓምድ የማይገባ አንድ ንብረት አለ። እርሱም የሽያጭ ኀላፊው ዕውቀት ነው። የትኛው የደሴ ነጋዴ በምን ወር ገንዘብ እንደሚያጥረው፣ የትኛው ደንበኛ «እመለሳለሁ» ብሎ ሲወጣ በእውነት እንደሚመለስ፣ የትኛው ዕቃ በጾም ወራት ቀዝቅዞ ለበዓል እንደሚነሣ፣ ይህ ሁሉ የሚገኘው በአንድ ሰው ራስ ውስጥ ነው። ያም ሰው 60 ዓመት ሲሞላው የስንብት ቡና ይጠጣል፤ ስጦታውን ይቀበላል፤ ቍልፉን ያስረክባል፤ ይሄዳል። ቍልፉን የሚረከብ ሰው በደረሰኝ ፈርሞ ይረከባል፤ ዕውቀቱን ግን የሚረከብ የለም።

የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ በ2003 ዓ.ም. በዐዋጅ ቍጥር 715 ከተደነገገ ወዲህ፣ ያም ዐዋጅ በ2014 ዓ.ም. በዐዋጅ ቍጥር 1268 ከተተካ በኋላም፣ የንግድ ቤት ሠራተኛ ከደመወዙ ከመቶ 7፣ አሠሪው ደግሞ ከመቶ 11 እየከፈሉ የእርጅናው ቀለብ ይጠራቀማል። ይህን ሒሳብ በየወሩ የምሠራው እኔ ስለ ሆንኩ ጠንቅቄ ዐውቀዋለሁ። ለገንዘቡ እንግዲህ ሥርዐት ተበጅቶለታል። በዚህ ጽሑፍ የምናጠናው ሥርዐት ያልተበጀለትን፣ ማለት የሰውየውን ሙያ ነው፤ ይኸውም ሙያ ለተማሪዎችና ለሰፈር ልጆች ስፖርት እንዴት ሊውል እንደሚችል፣ በየት በኩል እንደሚጠቅምና በየት በኩል ደግሞ እንደሚጎዳ እንመለከታለን።

ነገሩን እንድጽፍ ያነሣሡኝ የቀድሞ አለቃዬ ናቸው። ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ የቤት ዕቃ ከውጭ አገር ከሚያስመጣ አንድ የመርካቶ ንግድ ቤት በጸሐፊነት ስቀጠር እሳቸው የሽያጭ ኀላፊ ነበሩ። በተቀጠርኩ በሦስተኛው ወር ለአንድ የክፍለ ሀገር ደንበኛ የዋጋ ደብዳቤ ስጽፍ «በነጠላ» ማለት ሲገባኝ «በደርዘን» ብዬ ጻፍኩ። ሰውየው ደብዳቤውን በኪሱ ይዞ ከች አለ። አለቃዬ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያም «የጻፍነው እኛ ነን፤ አንድ ካርቶን በዚህ ዋጋ ውሰድ፤ የቀረውን ግን በእውነተኛው ዋጋ እንነጋገር» አሉት። ደንበኛው አንዱን ካርቶን ወሰደ፤ በእውነተኛው ዋጋም ሌላ ስድስት ጨመረ። እኔን ወደ ቢሮአቸው ጠርተው፣ «ከደመወዝህ አልቈርጥም፤ ነገር ግን ዓመቱ እስኪያልቅ ድረስ ማንኛውንም የዋጋ ደብዳቤ ከመላክህ በፊት ድምፅህን ከፍ አድርገህ እፊቴ ታነባለህ» አሉኝ። ዓመቱ ካለፈ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗል፤ እኔ ግን ዛሬም ድምፄን አሰምቼ አነባለሁ፤ የቢሮ ባልደረቦቼም ይሥቁብኛል።

እኒህ ሰው ጡረታ ከወጡ ወዲህ የሚኖሩት ኮዬ ፈጬ ነው። ኮዬ ፈጬ እንደሚታወቀው ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ፣ ከአቃቂ ቃሊቲ ዳር፣ ከቂሊንጦና ከቱሉ ዲምቱ አካባቢ የሚገኝ፣ ከጥቂት ዘመን በፊት ጤፍና ስንዴ ሽምብራም ይበቅልበት የነበረ ሜዳ ነው። ዛሬ የጋራ መኖሪያ ሕንጻ ተሠርቶበታል። የካቲት 27 ቀን 2011 ዓ.ም. ከወጣው የ51,229 ቤቶች ዕጣ ውስጥ ከፍተኛ ድርሻ የነበረው ይህ ሠፈር ሲሆን፣ የቦታው ይዞታ ብርቱ ክርክር ስላስነሣ ዕጣ የደረሳቸው ብዙ ሰዎች ቍልፍ እስኪቀበሉ ድረስ ጥቂት ያይደለ ጊዜ ጠብቀዋል። ከየማእዘኑ የመጣ ሰው በአንድ ደረጃ ሲወጣና ሲወርድ ይውላል። ጎረቤት ጎረቤቱን ገና እየተዋወቀ ነው። ዕድር ተቋቁሟል፤ ዕቁብም አለ፤ በየሕንጻው ምድር ቤት ሱቅ ተከፍቷል። ወጣቱ ግን ከትምህርት ቤት መልስ የሚውልበት ቦታ የለውም። በበጋ አቧራ፣ በክረምት ከጫማ የማይላቀቅ ጥቁር መረሬ ጭቃ ነው።

ይህ ለምን የነጋዴ ጉዳይ ይሆናል የሚል ቢኖር ሁለት ነገር እንዲመለከት እለምነዋለሁ። የመጀመሪያው የፈተና ውጤት ነው። የ12ኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተና ወስደው ከግማሽ በላይ ነጥብ ያገኙት ተማሪዎች በ2014 ዓ.ም. ከመቶ 3.3፣ በ2015 ዓ.ም. ከመቶ 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. ከመቶ 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከመቶ 8.4 ነበሩ። የቀሩት ከዘጠና የሚበልጡት ከመቶው ወዴት ይሄዳሉ? እጅግ ብዙዎቹ የሚመጡት ወደ እኛ ወደ ነጋዴዎች ነው፤ በሱቅ ረዳትነት፣ በመጋዘን ጠባቂነት፣ በተላላኪነት፣ ወይም በትንሽ ገንዘብ የራሳቸውን ንግድ ለመጀመር። ሁለተኛው፣ መንግሥት በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የገቢና የወጪ ንግድን፣ ጅምላና ችርቻሮንም ጨምሮ፣ በተወሰነ ሁኔታ ለውጭ አገር ባለ ገንዘቦች ክፍት ማድረጉ ነው። ገንዘቡ ብዙ፣ ሠራተኛውን ማሠልጠንም ልማዱ የሆነ ተወዳዳሪ በአጠገባችን ሱቅ ሲከፍት፣ እኛ «ምን ትፈልጋለህ?» ከማለት በቀር ምንም ያልተማረ ልጅ በመደርደሪያ ኋላ አቁመን መጠበቅ አይቻለንም።

አለቃዬ ግን ሥራውን የጀመሩት ይህን ሁሉ አስበው አይደለም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሰገነታቸው ተቀምጠው ሲመለከቱ፣ በታች ያሉት ልጆች የፕላስቲክ ኳስ ይዘው ስለ አንድ ጎል ለአንድ ሰዓት ያህል ሲጣሉ አዩ። ወርደው ዳኛ ሆኑ። በሁለተኛው ሳምንት ፊሽካ ገዙ። በወሩ መጨረሻ የልጆቹ ታላላቅ ወንድሞችና እኅቶች፣ የአንደኛውና የሁለተኛው ደረጃ ተማሪዎች፣ «ጋሼ፣ ለኛስ ምን ያስተምሩናል?» ብለው መጡባቸው። ነዋሪው ለእንጀራ መጋገሪያና ለልብስ ማጠቢያ ከተሠራለት ኮሚናል ከሚሉት ቤት አንዱን ክፍል ለሁለት ሰዓት ለምነው ትምህርቱን ጀመሩ። እኔም ሁለት ቅዳሜ ተቀምጬ አዳመጥኩ።

ስለ ትምህርቱ በዝርዝር ልናገር፤ ሌላ ሰው ሊሠራበት የሚችለው ይኸው ነውና።

በመጀመሪያው ቀን ንግግር አላደረጉም። በጥቁር ሰሌዳው ላይ «አንድ ዕቃ በ80 ብር ተገዝቶ በ100 ብር ቢሸጥ ትርፉ ከመቶ ስንት ነው?» ብለው ጻፉና ዝም አሉ። ግማሹ ተማሪ 20 አለ፤ ግማሹ 25 አለ፤ ተከራከሩ። ሁለቱም ልክ ናቸው። 20 ብሩ በተገዛበት በ80 ብር ላይ ሲሰላ ከመቶ 25 ነው፤ በተሸጠበት በ100 ብር ላይ ሲሰላ ግን ከመቶ 20 ነው። ይህ የቃላት ጨዋታ የሚመስለው ሰው ቢኖር የሚከተለውን ይመልከት። «ከመቶ 25 አተርፋለሁ» የሚል ባለሱቅ ለበዓል ከመቶ 25 ቅናሽ ቢያደርግ፣ ዕቃውን በ75 ብር ይሸጠዋል። ያለ ትርፍ የሸጠ መስሎት በእያንዳንዱ ዕቃ 5 ብር ይከስራል፤ ያውም የመጓጓዣውንና የኪራዩን ሳይጨምር። ይህን ስሕተት ትልልቅ ሰዎች ሲሠሩት በዐይኔ አይቻለሁ።

ቀጥሎ ወደ ዱቤ ሄዱ። አምስት ዕቃ እያንዳንዱን በ80 ብር ገዝተህ እያንዳንዱን በ100 ብር በዱቤ ሸጥህ፤ አራቱ ከፈሉ፤ አንዱ ጠፋ። ምን አተረፍህ? የገባው ገንዘብ 400 ብር ነው፤ የወጣውም 400 ብር ነው። አምስት ዕቃ ሸጦ፣ አምስት ሰው አስተናግዶ፣ ትርፉ ባዶ ነው። አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ይህን በሰማች ጊዜ፣ እናቷ ከቤታቸው በታች ባለው ሱቅ የዱቤ ደብተር እንዳላት ተናገረችና፣ በሚቀጥለው ሳምንት ስሙን በወረቀት ሸፍና ደብተሩን አመጣችው። ክፍሉ በሙሉ አብሮ ቈጠረ። የኔ አለቃ ያን ቀን ሌላ ትምህርት አላስተማሩም። ማስተማርም አያስፈልግም ነበር።

ሦስተኛው ነገር የገንዘብ መዞር ነው። 10,000 ብር ያለው ባለሱቅ በግዢው ላይ ከመቶ 20 እያተረፈ ዕቃውን በዓመት ሦስት ጊዜ ቢያዞር 6,000 ብር ያገኛል። ሌላው በዚያው ገንዘብ ከመቶ 10 ብቻ እያተረፈ ዐሥራ ሁለት ጊዜ ቢያዞር 12,000 ብር ያገኛል። ለምን እንደዚህ እንደ ሆነ ተማሪዎቹ ራሳቸው እስኪናገሩት ድረስ ዝም ብለው ጠበቋቸው። መጠበቅ ማወቃቸው የአንድ ጥሩ ሻጭ ጠባይ ነው፤ ጀማሪ ሻጭ ደንበኛው ዝም ሲል ደንግጦ ዋጋ ይቀንሳል፤ ጀማሪ መምህርም ተማሪው ዝም ሲል ደንግጦ መልሱን ይነግረዋል።

ከሒሳቡ በኋላ የመሸጥ ልምምድ አለ። አንዱ ተማሪ ገዢ፣ ሌላው ሻጭ ይሆናል፤ ዕቃው ከቤት የመጣ ፔርሙዝ ወይም ጃንጥላ ነው። ሕጉ አንድ ነው፤ ሻጩ ሦስት ጥያቄ ሳይጠይቅ ዋጋ መናገር አይችልም። ለስንት ሰው ነው? ለቤት ነው ወይስ ለመንገድ? ከዚህ በፊት የነበረው ለምን ተበላሸ? በዚህ ልምምድ ዐይነ አፋሩ ልጅ ይናገራል፤ ይልቁንም የሚያስደንቀው ለፍላፊው ልጅ ዝም ማለትን መማሩ ነው። ገዢ የሆነው ተማሪ በመጨረሻ «ገዛሁ» ወይም «አልገዛሁም» ብሎ ምክንያቱን ይናገራል። ሻጩም መከራከር አይፈቀድለትም፤ አመስግኖ ይቀመጣል።

አሁን ወደ ሜዳው እንሂድ። እዚህ ላይ ነገሩ እንደ ክፍሉ ቀላል አልነበረም።

ነጋዴና ኳስ በአገራችን እንግዳ ለእንግዳ አይደሉም። ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1928 ዓ.ም. በአራዳ ወጣቶች የተመሠረተ ሲሆን፣ የዛሬው ኢትዮጵያ ቡና ደግሞ በ1968 ዓ.ም. ከቡና ገበያ ሠራተኞች መካከል የተነሣ ክለብ ነው። በ2003 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሣ ቡና የሚለቅመው፣ የሚያበጥረውና የሚልከው ሰው ሁሉ የራሱ ዕቃ እንደ ተሸለመ ቈጥሮታል። በውጭ አገርም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1929 በአሜሪካ በፊላደልፊያ ከተማ ሥራ የፈቱ ልጆች የአንድ አዲስ ፋብሪካ መስኮቶችን በድንጋይ እየሰበሩ ባለቤቱን አስቸገሩት። ባለቤቱ ጆ ቶምሊን የሚባል ወጣት ስፖርተኛ ዘንድ ሄዶ ምክር ጠየቀ። ቶምሊንም የፋብሪካ ባለቤቶቹ ገንዘብ አዋጥተው ለልጆቹ የአሜሪካ እግር ኳስ ውድድር እንዲያቋቁሙ መከረ፤ በአራት ቡድን ተጀመረ፤ ኋላም «ፖፕ ዋርነር» ተብሎ በአገሩ ሁሉ ተስፋፋ። እ.ኤ.አ. በ1939 ካርል ስቶትዝ በዊልያምስፖርት ከተማ የልጆች ቤዝቦል ሲጀምር የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቡድኖች ስፖንሰር ያደረጉት የወተት፣ የእንጨትና የብስኩት ነጋዴዎች ነበሩ። ለአንድ ባለ ሱቅ የሸሚዝ ዋጋ ከመስታወት ዋጋ እንደሚያንስ ለማስላት የንግድ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም።

አለቃዬ እንግዲህ ከሽያጭ ክፍል ወደ ሜዳ ብዙ በጎ ነገር ይዘው መጡ። የመጀመሪያው መዝገብ ነው። በየልምምዱ የመጣውን፣ የቀረውን፣ የዘገየውን ልጅ በደብተር ይጽፋሉ። ሁለት ቀን የቀረውን ልጅ ቤቱ ድረስ ሄደው ይጠይቃሉ፤ «ደንበኛ ሲቀር የሚጠይቀው ሻጭ ነው፤ ሻጭ ካልጠየቀ ሌላ ሻጭ ይጠይቀዋል» ይሉ ነበር በሥራ ዘመናቸው። ሁለተኛው ከጎሉ በስተ ኋላ ያለውን ማየታቸው ነው። በንግድ ቤት ሽያጩን የሚፈርመው ሰው ይመሰገናል፤ ዕቃውን በሌሊት የጫነው ሾፌርና በልኩ የቈጠረው መጋዘን ጠባቂ ግን አይታወሱም። እሳቸው ጎል ሲገባ በመጀመሪያ የሚያመሰግኑት ኳሱን ያቀበለውን ልጅ ነው። ሦስተኛው ዕድሜን አለመደበቅ ነው። ልጁን በሁለት ዓመት አሳንሶ ከታናናሾች ጋር ማሰለፍ በአገራችን የልጆች ኳስ የተለመደ ክፉ ነገር ነው፤ እሳቸው ግን ድንጋይ የተቀላቀለበት ጤፍ ከመሸጥ አይለዩትም። በዚህ ምክንያት ከሌላ ሠፈር ቡድን ጋር በተጋጠሙ ጊዜ ሰባት ለባዶ ተሸንፈዋል።

ይሁን እንጂ ይዘውት የመጡት አንድ ነገር ጎዳቸው። በሽያጭ ክፍላችን ግድግዳ ላይ በየወሩ የሻጮች ስም በሽያጫቸው መጠን ከአንደኛ እስከ መጨረሻ ተሰልፎ ይለጠፍ ነበር። አንደኛው ጕርሻ ይቀበላል፤ መጨረሻው አንገቱን ደፍቶ ያልፋል። ይህ ለደመወዝ ለሚሠራ ለጐልማሳ ሰው ተገቢ መሆን አለመሆኑን ሌላ ጊዜ እንነጋገርበታለን፤ እኔ በበኩሌ ወድጄው አላውቅም። አለቃዬ ግን ይህንኑ ልማድ ወደ ኮዬ ፈጬ አመጡት። ዐሥራ ዘጠኝ ልጆችን በሩጫ፣ በቅብብልና በጎል ነጥብ እየሰጡ ስማቸውን በተራ ጽፈው በኮሚናሉ ግድግዳ ላይ ለጠፉ።

በመጀመሪያው ሳምንት ልጆቹ ተሻሙ፤ ልምምዱ ደመቀ። በሁለተኛው ሳምንት ተራ ቍጥር 17፣ 18 እና 19 የተጻፈባቸው ልጆች ቀሩ። በሦስተኛው ሳምንት የአንደኛው እናት የገበያ ዘንቢሏን እንደያዘች መጥታ፣ «ጋሼ፣ ልጄን እንጀራ ልትጋግር የመጣችው ሴት ሁሉ ስሙን መጨረሻ ላይ አንብባ ትሄዳለች። እሱ ደግሞ በዚያ በኩል ማለፍ ትቷል። ውኃ ቅዳ ስለው በኋላ በር ነው የሚወጣው» አለቻቸው። አለቃዬ መልስ አልሰጡም። ወረቀቱን ቀደው አጥፈው በኪሳቸው ከተቱት። ማታ ስልክ ደውለው ይህን ሲነግሩኝ ድምፃቸው ተለውጦ ነበር። «ለሠላሳ ዓመት እንዲህ ስለጥፍ መጨረሻ የሆነው ሰው ቤቱ ሲገባ ምን እንደሚል አልጠየቅሁም» አሉኝ።

ከሦስቱ ልጆች ሁለቱ ተመልሰዋል። ሦስተኛው እስካሁን አልተመለሰም፤ እሳቸውም በየሳምንቱ ስሙን በደብተር ላይ ይጽፉና በጎኑ ያለውን ቦታ ባዶ ይተዉታል።

ከዚህ የምንማረው አንድ ተግባራዊ ነገር አለ። የሽያጭ ሥራ ውጤትን በወር መጨረሻ ይጠይቃል፤ የልጅ አስተዳደግ ግን የወር መዝጊያ የለውም። በበቆጂ ከተማ የስፖርት መምህር የነበሩት አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ በዚያች አነስተኛ ከተማ ልጆችን ሲያሠለጥኑ፣ ከእጃቸው ካለፉት መካከል ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ኦሎምፒክ፣ ፋጡማ ሮባ በ1988 ዓ.ም. በአትላንታ ወርቅ አምጥተዋል፤ ኋላም ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ተከትለዋል። እነዚህ ስሞች በዓለም የታወቁ ናቸው። በዚያው ጧት በዚያው ኮረብታ ላይ አብረዋቸው የሮጡና ስማቸው ያልታወቀ ልጆች ደግሞ ከነዚህ እጅግ ይበዛሉ፤ ሲጀምሩ የትኛው የትኛው እንደሚሆን ግን ማንም ለይቶ ሊናገር አይችልም ነበር። በወሩ መጨረሻ ደረጃ ቢለጠፍ ኖሮ ከአሸናፊዎቹ መካከል አንዱ ወይም አንዷ በታችኛው መሥመር ላይ ተጽፈው ቤታቸው ሊቀሩ ይችሉ ነበር።

ዛሬ በኮዬ ፈጬ ያለው ሥርዐት ተለውጧል። ልጁ የሚወዳደረው ከራሱ ካለፈው ወር ጋር ነው፤ ቍጥሩም በደብተር ተጽፎ ለልጁና ለወላጁ ብቻ ይታያል። ማንኛውም ልጅ ከጨዋታው ቢያንስ ግማሹን ይሰለፋል፤ አምበልነት በየሳምንቱ ይዞራል። ሽንፈቱ በዝቷል ማለት እውነት ነው። የሚመጣው ልጅ ቍጥር ግን ከ19 ወደ 31 ወጥቷል፤ ሰባቱ ሴቶች ናቸው።

ነጋዴው በዚህ ሥራ ምን ድርሻ አለው? ገንዘብ መስጠት ቀላሉ ነው፤ እሱን በአጭሩ ላልፈው። ሁለት ኳስ፣ አንድ ደርዘን ሸሚዝ፣ የጥቁር ሰሌዳና የጠመኔ ዋጋ የአንድ ቀን የማስታወቂያ ወጪ አይሆንም። ነገር ግን የድርጅቱን ስም ከልጁ ፊት አስበልጦ በሸሚዙ ላይ የሚያጽፍ ሰው ሸሚዙን ለራሱ ገዝቷል ማለት ነው።

ከገንዘቡ የሚበልጠው በር መክፈት ነው። እ.ኤ.አ. በ1919 በአሜሪካ ሆራስ ሞዝስ የተባለ የወረቀት ፋብሪካ ባለቤትና ቴዎዶር ቬል የተባለ የስልክ ኩባንያ ፕሬዚዳንት ከአንድ የምክር ቤት አባል ጋር ሆነው «ጁኒየር አቺቭመንት» የተባለውን ማኅበር ሲመሠርቱ፣ ዋናው ሐሳባቸው ወጣቶች ትንሽ ኩባንያ ራሳቸው አቋቁመው ዕቃ እየሠሩና እየሸጡ ንግድን በእጃቸው እንዲማሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1964 ደግሞ በዚያው አገር ጡረታ የወጡ የንግድ ኀላፊዎች ተሰባስበው «ስኮር» በተባለ ማኅበር አነስተኛ ነጋዴዎችን ያለ ክፍያ መምከር ጀመሩ፤ እስከ ዛሬም ይሠራሉ። ለኛ የሚስማማው መንገድ ከዚህ ያነሰና የቀለለ ነው። ተማሪው በክረምት ዕረፍቱ ለጥቂት ሳምንት በሱቅህ ተቀምጦ ዕቃ ሲገባ ሲቈጠር፣ ፕሮፎርማ ሲጻፍ፣ የቅሬታ ደንበኛ ሲስተናገድ ይመልከት፤ የጡረተኛው አማካሪም በሳምንት አንድ ቀን መጥቶ ያየውን ይጠይቀው።

እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ልጁ ለመማር መጣ ተብሎ ያለ ደመወዝ ሳጥን ተሸካሚ እንዳይሆን ሕጉን እናስታውስ። በ2011 ዓ.ም. በወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ዐዋጅ ቍጥር 1156 መሠረት ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ መቅጠር ክልክል ነው። ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለው ወጣት ሠራተኛ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ ሊሠራ፣ ትርፍ ሰዓትም ሆነ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት፣ በሳምንት ዕረፍትና በሕዝብ በዓል ቀን ሊሠራ አይፈቀድለትም። የሚሠራ ከሆነ ይከፈለው፤ የሚማር ከሆነ ይማር። ሁለቱን መቀላቀል የብዙ ሱቆች ልማድ ነውና በግልጽ መናገር ይገባል።

እንደዚሁም አሠልጣኝ የሚሆነው ሰው የቱንም ያህል የተከበረ ቢሆን ከልጆች ጋር ብቻውን ባይሆን ይሻላል፤ አንድ ወላጅ ሁልጊዜ በሜዳው ዳር ይቀመጥ። ከወላጅ የተሰበሰበ መዋጮ ቢኖር አንዱ ይያዘው፣ ሌላው ይጻፈው። አለቃዬ ይህን ሲሰሙ አልተቀየሙም፤ «በሥራዬም ገንዘብ ያዡና ጸሐፊው አንድ ሰው ሆኖ አያውቅም» ነበር ያሉት።

አንባቢው የራሱን ጡረተኛ የሽያጭ ኀላፊ ለመጋበዝ ቢያስብ ከመሸኛው በዓል በፊት ቢነጋገሩ ይመረጣል። ሰው ከሥራ ከወጣ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ወራት ስልኩ ዝም ሲል ይከፋዋል፤ ያን ጊዜ የሚቀርብለት ሥራ የማስታገሻ ይመስለዋል። ሥራ ላይ ሳለ ቢጀምረው ግን ከቢሮው ወደ ክፍሉ መሻገሪያ ይኖረዋል። ሁሉም ለዚህ የተፈጠረ አይደለም። ትእዛዝ መስጠት እንጂ መጠየቅ የማይወድ ሰው ተማሪዎቹን ያሰለቻል፤ የቀድሞ ሽያጩን ታሪክ ብቻ የሚያወራም እንዲሁ። በአንድ ቅዳሜ መለየት ይቻላል፤ ከልጆቹ ይልቅ እሱ ብዙ ከተናገረ ይታወቃል።

በኮዬ ፈጬ ያለው ሥራ አሁን የገጠመው ችግር የቦታ ነው። ክረምቱ ከገባ በመረሬው ላይ መጫወት አይቻልም፤ ኮሚናሉን ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ለሠርግና ለተዝካር የሚፈልገው ብዙ ነው፤ እሱም ተገቢ ነው። አለቃዬ ለነዋሪው ኮሚቴ የሚያቀርቡትን ማመልከቻ ባለፈው ሳምንት እኔ ጻፍኩላቸው። የጠየቁት ቅዳሜ ከ8 እስከ 10 ሰዓት፣ አንድ ክፍልና አንድ ቍልፍ ነው። ከመላኬ በፊት ድምፄን ከፍ አድርጌ በስልክ አነበብኩላቸው። «ከ8 እስከ 10 የቀን መሆኑን ጻፍበት እንጂ» አሉኝ። ጨምሬ ጻፍኩ።